አንድ ጥያቄ፣ ሦስት መምህራን

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 2022 ምሽት፣ በሸክላ ፋብሪካዎቿ በምትታወቀው የእንግሊዟ ስቶክ-ኦን-ትሬንት ከተማ፣ ሁለት ፖለቲከኞች ቢቢሲ ባዘጋጀው መድረክ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ይከራከሩ ነበር። ሪሺ ሱናክና ሊዝ ትረስ። ከሁለቱ አንዳቸው ቦሪስ ጆንሰንን ተክተው የብሪታኒያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊሆኑ ነው። በጣም ያጋጫቸው ጉዳይ ግብር ነበር። ትረስ ግብሩ አሁኑኑ ይቀነስ፣ ዕዳው ኢኮኖሚው ሲያድግ ይከፈላል አሉ። ሱናክ ደግሞ ተበድሮ ግብር መቀነስ የዋጋ ንረቱን እንደሚያባብስ፣ ወለድ እንደሚያንርና ቤት በብድር የገዛውን ሁሉ እንደሚጎዳ ተናገሩ። አንዱ ሲናገር ሌላው እያቋረጠ፣ ተመልካቹ ማንን እንደሚያምን እየተቸገረ ምሽቱ አለቀ።

ትረስ አሸነፉ። መስከረም 23 ቀን የገንዘብ ሚኒስትራቸው 45 ቢሊዮን ፓውንድ የሚደርስ የግብር ቅነሳ አወጁ፤ ገንዘቡ ከየት እንደሚሸፈን የሚያሳይ ስሌት ግን አብሮ አልቀረበም። በቀጣዩ ሰኞ ፓውንድ ከዶላር አንጻር በታሪኩ ታይቶ ወደማያውቅ ዝቅተኛ ዋጋ ወረደ። የመንግሥት ቦንድ ዋጋ ሲያሽቆለቁል የጡረታ ፈንዶች ተናጉ፤ የእንግሊዝ ባንክ ጣልቃ ገብቶ ቦንድ ለመግዛት ተገደደ። ትረስ በሥልጣን የቆዩት 49 ቀን ነው። ከእሳቸው የተረከቡት ሱናክ ናቸው።

እነዚህ ሁለት ሰዎች የተማሩት አንድ ትምህርት ነው። ሁለቱም ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በፍልስፍና፣ ፖለቲካና ኢኮኖሚክስ (በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ፒፒኢ) ተመርቀዋል፤ ትረስ በ1996 ከመርተን ኮሌጅ፣ ሱናክ በ2001 ከሊንከን ኮሌጅ። በሁለቱ ኮሌጆች መካከል ያለው የጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ዴቪድ ካሜሮንም የዚሁ ትምህርት ምሩቅ ናቸው። ከዚያ በፊት የነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ሃሮልድ ዊልሰንና ኤድዋርድ ሂዝም ተምረውታል። በ2024 የገንዘብ ሚኒስትር የሆኑት ሬቸል ሪቭስም እንዲሁ። ስለዚህ እንግሊዝ አገር አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር «ይኼ ፒፒኢ የሚሉት ትምህርት ነው ያበላሸን» የሚል ድምፅ ይሰማል።

እኔ ጥያቄውን ከዚህ ቁጣ ለይቼ ማየት እፈልጋለሁ። ሦስት የተለያዩ ትምህርቶችን አንድ ላይ ማጥናት ለምን አስፈለገ? ተማሪው ምን ያገኝበታል? ምን ያጎድልበታል? ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ ከመሃሉ ወሎ አለችበት። (የውጭውን ታሪክ በእነሱ አቆጣጠር፣ የአገር ቤቱን ዓ.ም. እያልኩ በእኛ እጽፋለሁ።)

ትምህርቱ የተጀመረው በ1920 ነው። ከዚያ በፊት በኦክስፎርድ የወደፊት ሹማምንት ዋነኛ መንገድ «ግሬትስ» የሚባለው ጥናት ነበር፤ ግሪክኛና ላቲን፣ የጥንቱ ታሪክ፣ የፕላቶንና የአርስቶትል ፍልስፍና። አንደኛው የዓለም ጦርነት አብቅቶ፣ የመምረጥ መብት ሰፍቶ፣ የሠራተኛው ፓርቲ እየገነነ ሲመጣ፣ ስለ ሥራ አጥነት፣ ስለ ወለድ፣ ስለ ፓርላማ ሳይማር የሚሾም ሰው አገር እንዴት ይመራል የሚል ጥያቄ ተነሣ። አዲሱ ትምህርት ሲቋቋም ቅጽል ስሙ «ዘመናዊው ግሬትስ» ነበር። ዛሬ በዓመት ወደ 250 ገደማ ተማሪዎች ይቀበላል።

ነገር ግን 1920 ላይ የሆነው አዲስ ጋብቻ አልነበረም። የተለያዩ ወንድማማቾች መገናኘት ነበር ቢባል ይቀላል። አዳም ስሚዝን የኢኮኖሚክስ አባት እንለዋለን፤ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የያዘው ወንበር ግን የሥነ ምግባር ፍልስፍና ነበር። ስለ ሀብት የጻፈው ታላቅ መጽሐፍ በ1776 ከመውጣቱ 17 ዓመት ቀደም ብሎ ሰው ለሌላው ሰው ለምን እንደሚያዝን፣ ስለ ርኅራኄና ስለ ኅሊና ዳኝነት ሰፊ መጽሐፍ አሳትሟል። ጆን ስቱዋርት ሚልም በአንድ ብዕር ስለ ምርትና ስለ ደመወዝ፣ ስለ ነፃነት፣ ስለ ሴቶች መብት ጽፎ በፓርላማ ወንበርም ተቀምጧል። ኢኮኖሚክስ ለብቻው ቤት የሠራው በኋላ ነው። በካምብሪጅ አልፍሬድ ማርሻል ታግሎ ራሱን የቻለ የኢኮኖሚክስ ዲግሪ ያስከፈተው በ1903 ነው። መለየቱ ጥቅም አምጥቷል፤ ሒሳቡ ጠልቋል፣ መለኪያው ተስተካክሏል። ያጣነውም አለ፤ «ይህ ቁጥር ቢጨምር ጥሩ ነው ያለው ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ከክፍሉ ወጥቶ ሌላ ሕንፃ ገባ።

ትምህርቱ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት አንድ ሳምንት መከታተል በቂ ነው። በኦክስፎርድ አንድ ተርም ስምንት ሳምንት ነው፤ ዓመቱ ሦስት ተርም አለው። ሌክቸር አለ፤ ዋናው ትምህርት ግን ቱቶሪያል የሚሉት ነው። ተማሪው የንባብ ዝርዝርና አንድ ጥያቄ ይሰጠዋል። አንብቦ፣ ጽፎ፣ መጻሕፍት በሞሉበት የመምህሩ ክፍል ውስጥ ብቻውን ወይም ከአንድ ሁለት ጓደኞቹ ጋር ይቀመጣል። ከዚያ ለአንድ ሰዓት የጻፈውን ይጠየቃል። መደበቂያ የለም። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሃንድአውት መጠበቅ የለም።

እስቲ አንድ እውነተኛ ጉዳይ እንውሰድ። ብሪታኒያ በሚያዝያ 2018 ስኳር በበዛባቸው ለስላሳ መጠጦች ላይ ግብር ጣለች፤ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 8 ግራምና ከዚያ በላይ ስኳር ያለው መጠጥ በሊትር 24 ፔንስ፣ ከ5 እስከ 8 ግራም ያለው 18 ፔንስ። ተማሪው ለኢኮኖሚክስ መምህሩ ይህን ግብር ማን እንደሚከፍለው ይጽፋል እንበል። ሕጉ አምራቹ ይክፈል ይላል። መምህሩ ግን የፍላጎትና የአቅርቦት መስመሮችን ሥሎ፣ ሸክሙ ሕጉ ስሙን በጠራው ላይ ሳይሆን መሸሽ በማይችለው ወገን ላይ እንደሚያርፍ ያሳየዋል። ለስላሳውን መተው የማይችል ጠጪ ከሆነ ጠጪው ይከፍላል። ደግሞ ሦስተኛ መንገድ ተፈጠረ፤ ግብሩ በደረጃ የተከፈለ ስለነበር ብዙ አምራቾች ስኳሩን ቀንሰው ከግብሩ ደረጃ በታች ወረዱ። ንድፈ ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያላሳየውን ነገር ገበያው አሳየ።

ተማሪው በዚህ ረክቶ ወደ ፖለቲካ መምህሩ ሲሄድ ሌላ ጥያቄ ይጠብቀዋል። ለምን ስኳር? ለምንስ ለስላሳ መጠጥ ተመርጦ ኬክና ቸኮላት ቀረ? እዚህ ላይ ኢኮኖሚስቱ ማንከር ኦልሰን በ1965 ያነሡት ሐሳብ ይመጣል፤ ጥቂት ሆነው ብዙ የሚያጡ ሰዎች በቀላሉ ይደራጃሉ፣ ብዙ ሆነው እያንዳንዳቸው ጥቂት የሚያጡ ሰዎች ግን አይደራጁም። ሕግ የሚወጣው በዚህ ያልተመጣጠነ ጉልበት መካከል ነው። «ለሕዝብ ጤና ስለሚጠቅም ወጣ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ጽሑፉን ይዞ ይመለሳል።

ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ደግሞ የፍልስፍናው መምህር «ይጠቅማል» የሚለው ቃል ላይ ጣቱን ያሳርፋል። ለማን ይጠቅማል? ጥቅምን በምን ለካኸው? አንድ ጎልማሳ ጥርሱም ጤናውም የራሱ ሆኖ ሳለ መንግሥት ከገዛ ምርጫው የሚጠብቀው በምን ሥልጣኑ ነው? ሚል በ1859 ሰው ራሱን ብቻ በሚመለከት ጉዳይ ላይ አይገደድ ብሎ የጻፈው ለዚህ ይሠራል? ልጆች ሲሆኑስ? ከገቢው ብዙውን ለምግብ የሚያወጣ ድሃና ዋጋው የማይሰማው ሀብታም እኩል 24 ፔንስ መክፈላቸው ፍትሕ ነው?

የዚህ ትምህርት ትልቁ ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሦስቱ መምህራን ስለ አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ የአንዱ መልስ ለሌላው አይበቃውም። ተማሪው ከአንዱ ክፍል በድል ወጥቶ በሌላው ይረታል። የሦስቱን ክርክር በራሱ ውስጥ ይዞ የሚኖር ሰው ቢሾምም ባይሾምም ጠንቃቃ ይሆናል። ይህን አጥብቄ አምናለሁ።

አሁን ወደ ወሎ እንሂድ፤ ፒፒኢ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከዚያ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

አማርትያ ሴን በ1933 በህንድ ቤንጋል ተወለደ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ በ1943 የቤንጋልን ረሀብ በዓይኑ አየ። ኢኮኖሚክስ በካልካታና በካምብሪጅ አጠና፤ በካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ የፈለገውን እንዲሠራ አራት ዓመት ሲሰጠው ግን ጊዜውን ለፍልስፍና ሰጠው። በኋላ ኦክስፎርድ ገብቶ ሲያስተምር፣ በ1981 ስለ ድህነትና ስለ ረሀብ አንድ ቀጭን መጽሐፍ አሳተመ። ከመጽሐፉ ምዕራፎች አንዱ ስለ ኢትዮጵያ ነው። በ1998 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ሴን የጠየቀው ቀላል ይመስላል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ሰው ያለቀው ምግብ ስለጠፋ ነው? የሚጠበቀው መልስ አዎ ነው፤ ዝናብ ቀረ፣ እህል ጠፋ፣ ሰው ሞተ። እሱ ግን ቁጥሩን ሲያገላብጥ በአገር ደረጃ ያን ዓመት የነበረው ምግብ ከሌላው ጊዜ ያን ያህል የራቀ ሆኖ አላገኘውም። ይበልጥ የሚያስደነግጠው የደሴ ገበያ ነው። በዙሪያው ገበሬው እየረገፈ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም። ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ አስመራ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የተራበውን አገር መሃል ለመሃል ያቋርጥ ነበር፤ ስለ ረሀቡ ቀድሞ የተሰማው ርሃብተኞች መንገደኞችን እያስቆሙ ስለለመኗቸው ነው። በዚያው መንገድ ጥቂት እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ እንደነበርም ሴን ጽፏል።

እንዴት ሊሆን ይችላል? መልሱ ገበሬው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ማጣቱ ነው። እርሻው ሲከሽፍ የሚበላውን አጣ፤ የሚሸጠውንም አጣ። ገንዘብ የሌለው ሰው ቢራብም ገበያ ላይ አይታይም፤ ገበያ የሚሰማው የሚከፍለውን ነው። ዋጋ ያልናረው እህል ስለሞላ አልነበረም፣ የሚገዛ ስለጠፋ ነበር። የአፋር አርብቶ አደርም እንዲሁ ሆነ፤ በአዋሽ ሸለቆ ለንግድ እርሻ የተወሰደበት የግጦሽ መሬት ሳይመለስለት ከብቱ ከሳ፣ አለቀ፣ የተረፈውም በእህል ሲመነዘር ዋጋው ወረደ። ጭሰኛው፣ ጌቶቹ ያሰናበቱት አሽከር፣ ገረዲቱ ረገፉ።

ይህ እስካሁን ኢኮኖሚክስ ነው። ሴን ግን እዚያ አላቆመም። ጎተራው የተቆለፈው በሕግ ነው፤ እህሉ የወጣው በሕጋዊ ሽያጭ ነው፤ ማንም ሳይሰርቅ፣ ማንም ሳይዘርፍ ሰው አለቀ። እንግዲህ ሕጋዊ የሆነ ሁሉ ፍትሐዊ ነው ወይ? በንብረት ላይ ያለኝ መብት ከጎረቤቴ ሕይወት ጋር ሲጋጭ የትኛው ይቀድማል? ይህ ከጥንት ጀምሮ የፍልስፍና ጥያቄ ነው። በኋላ በጻፋቸው ሥራዎች ደግሞ ፖለቲካውን ጨመረበት፤ ነፃ ጋዜጣና ተፎካካሪ ፓርቲ ባለበት አገር ከፍተኛ ረሀብ አይደርስም፣ ምክንያቱም የሚጮህ አለ፣ የሚፈራ ሹምም አለ። በወሎ ጊዜ መንግሥት ዝም ሲል የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ነበሩ የጮኹት፤ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ደግሞ ዓለም ሰማ።

ሴን ስለ ወሎ የጻፈው ሁሉ አልጸናም። በ1988 ስቲቨን ዴቨሩ የተባለ ተመራማሪ የወሎን ጉዳይ መልሶ መርምሮ፣ በክልሉ የምግብ መጥፋት በእርግጥ ከባድ እንደነበረና ገበያዎቹ እርስ በርስ ደካማ ትስስር ስለነበራቸው የደሴ ዋጋ ብቻውን ብዙ እንደማይመሰክር ተከራከረ። ክርክሩ ተገቢ ነው። የሚገርመኝ ግን ተከራካሪዎቹ ሁሉ ከዚያ በኋላ በሴን ጥያቄ ውስጥ መቆማቸው ነው። «ስንት ኩንታል አለ?» የሚለውን ብቻ ይዞ ወደ ረሀብ የሚሄድ ሰው የለም፤ «ማን፣ በምን መብት፣ በማን ዝምታ?» ተብሎም ይጠየቃል። ይህን ያደረገው ሦስቱን ትምህርት በአንድ ጭንቅላት የያዘ ሰው ነው።

የዚያን ረሀብ ፖለቲካዊ ዋጋ የከፈሉት ሰዎች ታሪክም ወደ ኦክስፎርድ ይመልሰናል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ሲወርዱ የተተኩት ልጅ እንዳልካቸው መኮንን፣ ከዚያ በሐምሌ የተተኩት ልጅ ሚካኤል እምሩ፣ ሁለቱም ኦክስፎርድ የተማሩ ነበሩ። የአንዱም ትምህርት የተነሣውን ማዕበል አልመለሰውም፤ እንዳልካቸውን ደርግ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ገደላቸው። የተማረ ሰው በወንበር ላይ መቀመጡ ብቻውን ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚመሰክር የለም። ዘመኑ፣ ተቋሙ፣ የሚያዳምጠው ሰው ሲከዱት ዲግሪ አይጮህም።

ወደ ትችቱ ስመጣ፣ ከሁሉ የሚከብደኝ የቆየው ነው። በ1968 ትሬቨር ፔትማን የተባለ ወጣት «የፒፒኢ ድህነት» የሚል ርዕስ የሰጠውን አጭር ጽሑፍ አሳተመ። ክሱ ባጭሩ፣ ትምህርቱ ጥቂት አንብቦ ጥሩ አድርጎ የመጻፍ ችሎታ ብቻ ያስታጥቃል፣ ያለውንም ሥርዓት ከሥሩ መጠየቅ አያስተምርም የሚል ነበር። ሁለተኛውን ክስ አልቀበለውም፤ ከፒፒኢ ምሩቃን መካከል ወግ አጥባቂውም፣ ሶሻሊስቱ ቶኒ ቤንም፣ የፓኪስታኗ ቤናዚር ቡቶም፣ የበርማዋ አውን ሳን ሱ ቺም ወጥተዋል። የጋናው ጠቅላይ ሚኒስትር ኮፊ ቡሲያና ኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ጆን ኩፉርም ተምረውታል። አንድ ሐሳብ ብቻ የሚያመርት ትምህርት እነዚህን ሁሉ አያፈራም።

መምህራኑም በየጊዜው ወጥተው ተሟግተዋል። በ1938 ከሙኒክ ስምምነት በኋላ በኦክስፎርድ ከተማ ማሟያ ምርጫ ሲደረግ፣ የቤሊዮል ኮሌጅ ኃላፊና የትምህርቱ ደጋፊ የነበረው ኤ. ዲ. ሊንዚ ሂትለርን ማባበል ይብቃ ብሎ በግሉ ተወዳደረ። የገዛ ተማሪው ኤድዋርድ ሂዝ ወጣት ወግ አጥባቂ ሆኖ ሳለ ከፓርቲው ዕጩ ተለይቶ ለሊንዚ ቀሰቀሰ። ሊንዚ ተሸነፈ። ተማሪው ግን ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

የመጀመሪያው ክስ ግን እውነት አለው። በሦስት ቀን ውስጥ ስለማያውቁት ነገር ሁለት ሺህ ቃል ጽፎ በድፍረት መሟገት መልካም ስልት ነው፤ በየሳምንቱ ለሦስት ዓመት ሲደጋገም ግን ሰው «አላውቅም» ማለት ይረሳል። ከዚህ የከፋ ሁለተኛ ችግር አለ። ከ1970 ወዲህ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ከሦስቱ አንዱን መተው ይቻላል። ሒሳቡ የከበደው ኢኮኖሚክስን ይተዋል፤ ሎጂኩ ያሰለቸው ፍልስፍናን። ዲግሪው ላይ የሦስቱም ስም ይቀራል። ሦስተኛው ችግር ከሁሉ ያሳስበኛል፦ ሦስቱን የሚያስተምሩት ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፣ ፈተናውም ስምንት የተለያዩ ወረቀቶች ነው፤ ማገናኘቱ ለተማሪው ተትቷል። ጎበዝ የሆነ ያገናኛል። ያልሆነው ሦስት ቁርጥራጭ ይዞ ይወጣል፣ አንደበቱ ግን ሙሉ ዕውቀት ያለው ያስመስለዋል። የስቶኩን ምሽት ሳስብ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ይኼ ነው። ትረስም ሱናክም ግብር ስለሚያመጣው ለውጥ ያውቁ ነበር፤ አንዱን ከሌላው የለየው ያወጁትን ማን እንደሚያምነውና ማን እንደሚከፍልበት አስቀድሞ የመጠየቅ ልምድ ነው።

በትምህርቱ ላይ ስንፈርድ አንድ ነገር ደግሞ ማስታወስ ይገባል። ሥልጣን የሚፈልግ ወጣት ወደዚያ ይሄዳል፤ ስለዚህ ከዚያ ብዙ ሹም ቢወጣ የትምህርቱ ሥራ ብቻ አይደለም። አብዛኛው ምሩቅ ደግሞ ወደ ፖለቲካ አይገባም፤ ወደ ባንክ፣ ወደ ጋዜጣ፣ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ወደ ማስተማር ይበተናል።

ከኦክስፎርድ ውጭ የተከፈቱት ፕሮግራሞች ከዚህ ድክመት ተምረዋል። በአሜሪካ የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ሦስቱን ያዋሐደ የመጨረሻ ሴሚናር እንዲወስድ ያደርጋል፤ ዬል ዩኒቨርሲቲ የራሱን ሥነ ምግባር፣ ፖለቲካና ኢኮኖሚክስ ሜጀር አለው። በአምስተርዳም በእንግሊዝኛ ይሰጣል። በአፍሪካ ኬፕታውንና ፕሪቶሪያ ያስተምሩታል።

በለንደን ወይም በአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የእኛ ልጅ «ፍልስፍና፣ ፖለቲካና ኢኮኖሚክስ ልማር ነው» ሲል፣ እናቱ «እና ሥራው ምንድን ነው?» ትለዋለች። ሕክምና ወይም ኢንጂነሪንግ ብትጠብቅ አይፈረድባትም፤ የተሰደደችው ልጇ እንዲቆምላት ነው። መልሱ ግን አለ። ሒሳቡን ሳይሸሽ ኢኮኖሚክሱን እስከ መጨረሻው የያዘ ልጅ ሥራ አያጣም። ሒሳብ የሚፈራ ልጅ ይህን ምርጫ ከማድረጉ በፊት በደንብ ያስብበት፤ ከሦስቱ አንዱን በኋላ ጥሎ ጽሑፍ ብቻ ይዞ ቢወጣ የእናቱ ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል።

አገር ቤት ያለው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ኦክስፎርድ ትምህርቱን ከመክፈቱ በፊት ሦስቱን ያጣመረ ሰው እኛ ዘንድ ነበር። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በአውሮፓ ተምሮ ተመልሶ፣ በጉምሩክ ሠርቶ፣ በ1911 ዓ.ም. በወጣትነቱ ሞተ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የሚለው መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። ሀብት የሚመነጨው ከሥራ መሆኑን፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ጋር ሲነግድ ለምን እንደሚጎዳ፣ ሕግና አስተዳደር ያልያዘው ንግድ ወዴት እንደሚያመራ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አያያዘው። ኢኮኖሚክሱን ከመንግሥቱ፣ መንግሥቱን ከፍትሕ አልነጠለውም። ዛሬ ኢኮኖሚክስ ዲፓርትመንት ውስጥ ስሙ የሚጠራው ለታሪክ ሲባል ነው፤ ጥያቄው ግን የምርመራ ጥያቄ ሆኖ መነሣት ይገባው ነበር።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የፍሬሽማን ዓመት መልሰው አስገብተዋል። ተማሪው ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ ይወስዳል፣ ኢኮኖሚክስ ይወስዳል፣ የሥነ ምግባርና የዜግነት ትምህርት ይወስዳል። የፒፒኢ አንደኛ ዓመት ማለት ይቻላል፤ በስሙ ማንም አልጠራውም። ሰባ ከመቶው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ ተብሎ ከተወሰነበት ከ2000 ዓ.ም. አካባቢ ወዲህ ይህ ጥሩ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ሎጂኩን ያስተማረው መምህር ኢኮኖሚክሱን ካስተማረው ጋር ስለ ተማሪው አይነጋገርም። ተማሪው ፋሌሲዎችን ይሸመድዳል፣ ሚድና ፋይናል ይፈተናል፣ ዲፓርትመንት መረጣ ሲደርስ ሁሉንም ይረሳዋል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ለቀቀው። ከዚያ በፊት ባንኮች ዶላሩን በ57 ብር ገደማ ይመነዝሩት ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ ከመቶ አለፈ። ያን ሳምንት በየካፌው የተነሣው ክርክር ሦስቱም ትምህርቶች ነበሩበት። ምንዛሪው ሲለቀቅ ላኪው ይጠቀማል ወይ? ዘይትና መድኃኒት ከውጭ የሚገዛው ምን ይሆናል? ያንን ውሳኔ በዚያ ጊዜ ያስወሰነው ምንድን ነው፤ የዓለም የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድርስ በውሳኔው ላይ ምን ድርሻ አለው? ነገ ይሻላል ተብሎ ዛሬ በደመወዝ የሚኖረው ሰው ላይ ሸክም መጣል በምን መለኪያ ልክ ይሆናል?

ይህን አንድ ጥያቄ ለፍሬሽማን ተማሪዎች አሳይንመንት አድርጎ መስጠት አዲስ ዲፓርትመንት አይጠይቅም፣ አዲስ በጀትም አይጠይቅም። የሎጂኩ፣ የኢኮኖሚክሱና የዜግነቱ መምህራን አንዱን ወረቀት ሦስቱም አንብበው፣ ተማሪውን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ግማሽ ሰዓት ቢጠይቁት ይበቃል። ብዙ ተማሪ ላለበት ክፍል ከባድ ነው፤ በቡድን ሊሆን ይችላል፣ በዓመት አንዴ ሊሆን ይችላል። መምህራኑ በውጤቱ ላይ መጣላታቸው አይቀርም። ኢኮኖሚስቱ ኤ የሰጠውን የፍልስፍናው መምህር «ልክ ነው ያልከው በምን መለኪያ ነው?» ብሎ ይመልሰዋል፤ የዜግነቱ መምህር ደግሞ «ማን እንደወሰነው የት ጻፍክ?» ይላል። ተማሪው ያን ክርክር ተቀምጦ ይስማ።